ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ሰሞኑን የመኪና ደላሎች የሚለጥፉትን ማስታወቂያ ያየ ሰው ቃሉን በቃሉ ይዞታል። «ከኤምባሲ የወጣ፣ ሴት የያዘችው፣ ቀለሙ ያልተነካ፣ ገብተህ ንዳው!» ከሥሩ የአሥራ አምስት ዓመት ሬንጅ ሮቨር ወይም መርሴዲስ ታጥቦ፣ ጎማው ሳይቀር ተወልውሎ ያበራል። ኮሜንቱ ውስጥ ደግሞ የድሮ ተማሪዎቼን ስም አያለሁ። «በዚህ ዋጋማ ራቭ4 ከምገዛ እሱን ብገዛ አይሻልም?» ይላሉ።

አይሻልም። ለምን እንደማይሻል ልንገራችሁ።

መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። አዲስ እያለ ሀብታም የገዛው መኪና አራተኛ እጅ ላይ ሲደርስም የሚፈልገው የሀብታም ኪስ ነው። አንተ የራቭ4 ዋጋ ከፍለህ ትገባለህ፤ እሱ ግን በየወሩ ሒሳብ የሚጠይቅህ በሬንጅ ሮቨርነቱ ነው። እስቲ አስቡት፣ በዚያው ዓመት የተመረተ ላንድ ክሩዘር ዋጋው አልቀመስ ሲል ይሄኛው ለምን ረከሰ? ገበያው ሞኝ ስለሆነ ነው? ገበያውማ አውቆ ነው የሸሸው።

አንድ ዕቃ ብቻ እንይ። በፈረንጆቹ ከ2002 እስከ 2012 የተመረተው ሬንጅ ሮቨር፣ ኤል322 የሚባለው፣ የቆመው በብረት ሞላ ላይ አይደለም። አየር በተሞላ የጎማ ፊኛ ላይ ነው። ምቾቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ጎማ ግን ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ አየር በትንሽ በትንሹ ያስወጣል። የጎደለውን ለመሙላት ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ይሠራል፤ ሲበዛበት እሱም ይቃጠላል። አንድ የነበረው ብልሽት ሁለት ሆነ ማለት ነው። ጠዋት ስትነሳ መኪናህን እንደ ግመል በአንድ ጎኑ ተንበርክኮ ታገኘዋለህ። የአየር ሱስፔንሽን ያላቸው ዲስከቨሪ 3 እና መርሴዲስ ኤምኤልም ያው ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ፖርሽ ካየን ቪ8 ደግሞ የሞተሩ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ፕላስቲክ ነበሩ፤ በሙቀት ብዛት እየተሰነጠቁ ስላስቸገሩ በኋላ በአሉሚኒየም ተተኩ።

እዚህ ደሴ ውስጥ ኮምፒውተሩን የሚያነብ መካኒክ ብታገኝ ዕቃውን አታገኝም። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ትደውላለህ። «ከዱባይ ይምጣልህ?» ይሉሃል። ካልሆነ በሎቤድ አስጭነህ 400 ኪሎ ሜትር መውሰድ ነው። ዕቃው ደግሞ የሚመጣው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አልፏል። ደሞዛችን እንደዚያ አልፏል እንዴ?

ወደ ነዳጁ እንሂድ፤ የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ታውቁ የለ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ብትነዳ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው። ባለ ቪ8 ቤንዚን ቅንጡ መኪና ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ቢጠጣ አይገርምም። 200 ሊትር መሆኑ ነው። ሊትሩን ለስሌት 120 ብር እንበለውና በወር 24,000 ብር። ከእኔ የወር ደሞዝ ይበልጣል። በዚሁ መንገድ 7 ሊትር የምትጠጣ ቪትስ 8,400 ብር ትጨርሳለች። የዓመቱ ልዩነት 187,200 ብር! ዘይት፣ ጎማ፣ ቦሎና መድን ገና አልተነሱም።

«መንግሥት አዲስ ስለከለከለ ምን እናድርግ?» የሚል አለ። እውነት ነው፤ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ግን ይሄ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ከውጭ አዲስ ካልገባ እዚህ ያለው በየቀኑ እያረጀ፣ እጅ በእጅ እየዞረ ነው። አንተ የምትገዛው ሌላው «ሳይፈነዳብኝ ልገላገለው» ብሎ ያወጣውን ሊሆን ይችላል።

አንድ የድሮ ተማሪዬ አባቱ ያቆየለት አይሱዙ ነበረው። ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው፣ ስሙ ይቅር። ሁለት ታናናሾቹን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው በዚያ አይሱዙ እህል እየጫነ ነው። ሸጦት አንድ የአውሮፓ ቅንጡ መኪና ገዛ። አራት ወር ነዳው። በአምስተኛው ካምቢዮው ሄደ። ዛሬ መኪናው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ልጁ የሰው አይሱዙ ተቀጥሮ ይነዳል። የሚያበላውን ሸጦ የሚበላውን ገዛ።

በእሱ ብቻ አልፈርድም። ሠርግ ላይ ቁልፍ አንጠልጥሎ ለመጣ ወንበር የምንለቅ እኛ ነን። እዚህ አገር ቪ8 የሞተር ዓይነት መሆኑ ቀርቶ የማዕረግ ስም ሆኗል። ግን ወንድሜ፣ የባለሥልጣኑን ቪ8 ነዳጁንም ጎማውንም የሚችለው መንግሥት ነው። አንተ በጀት የሚመድብልህ ማን አለ?

«ቲቸር ቀናህ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ቅናት ይሁን። 24,000ው ግን በእኔ ቅናት አይቀንስም።

«ላንድ ክሩዘርስ?» ለሚለኝ፣ አዎ ይሻላል። ዕቃውም የሚያውቀው መካኒክም በየከተማው አለ። ጥንካሬውን ግን መግዣው ላይ ታስቦ ትከፍላለህ፤ ባለ ቪ8ቱ ደግሞ ነዳጅ ላይ አይምርም።

እኔ በጭራሽ አትግዙ አላልኩም። አቅሙ ያለው ይግዛ፣ ይንደላቀቅ። ግን የሚከተሉትን ሳታደርጉ ብር አታውጡ።

አንደኛ፣ የአየር ሱስፔንሽን ካለው ማታ ቆሞ ጠዋት ሂዱና እዩት። ዝቅ ካለ አየር እያስወጣ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ እናንተው አስነሱት። ባለቤቱ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።

ሦስተኛ፣ ደላላው ያመጣውን ሳይሆን ራሳችሁ የከፈላችሁትን መካኒክ ይዛችሁ ኮምፒውተሩን አስነብቡ።

አራተኛ፣ ሶማሌ ተራ ደውላችሁ የኮምፕሬሰር፣ የአንድ የአየር ፊኛና የካምቢዮ ዋጋ ጠይቁ። ሦስቱን ደምሩ። ከመግዣው ሌላ ያን ያህል ብር ባንክ ውስጥ ከሌላችሁ መኪናው አቅማችሁ አይደለም።

ቅንጡ መኪና ለመግዛት ያሰበ ጓደኛ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ቀብድ ሳይከፍል አድርሱት።