የእንዶድ አረፋ

አንድ ኢትዮጵያዊ ፈልሳፊ ጥቀሱ ተብለን በክፍል ውስጥ ብንጠየቅ ሁላችንም ዝም አልን፤ የኤዲሰንንና የዋትን ስም ግን ሳንጠየቅም እናውቃለን።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ስመለስ እናቴን ነጠላዋን በእንዶድ ስታጥብ አገኘኋት። ቀድሞ ጓደኞቼ ሲመጡ የሳሙና መግዣ ያጣን እንዳይመስላቸው የእንዶዱን ቁና ከአልጋ ሥር እደብቅ ነበር።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ መርምረውም የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

እንደ እኔ አሳብ ክብሩ የዶክተሮቹ ብቻ አይደለም። ፍሬውን አድርቆ መውቀጥን፣ አረፋውም እድፍ እንደሚያስለቅቅ ያስተማሩ ስማቸው ያልተጻፈ እናቶች ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ደግሞ ብዙ ሰው እያየ ያለፈውን ወንዝ ቆም ብለው ተመለከቱ። (እኔ ብሆን ቀንድ አውጣውን ረግጬ ባለፍኩ ነበር!)

መምህራችን ጥያቄውን ቢደግሙልን ሁለቱንም ወገን እጠራለሁ። የእንዶዱም ቁና ከእንግዲህ ከአልጋ ሥር አይገባም።