ምጣድ፣ ሚኒባስና የንግድ ተማሪ

አንባቢ ሆይ! የንግድ ሥራ አስተዳደር የሚማሩ ቢሆኑ፣ ወይም ቀን በመሥሪያ ቤት ውለው ማታ የሒሳብ አያያዝ የሚከታተሉ ቢሆኑ፣ ለዛሬ አንድ ጥያቄ አለኝ። የአየር ንብረት ፖሊሲ የሚባለው የማን ትምህርት ይመስልዎታል? የደን ባለሙያው ነው ይሉኝ ይሆናል፤ ወይም ዝናብ የሚለካው ሰው ነው ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን የእርስዎ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃውንም ከባሕር ማዶ አላመጣም፤ ከቦሌ አራብሳ እነሣለሁ።

አራብሳ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከአያት ወዲያ ያለ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሠፈር ነው። ከነዋሪው ብዙው ሃያ ከመቶውን ቆጥቦ፣ ሰማንያውን ከባንክ ተበድሮ፣ ዕጣ ወጥቶለት የገባ ደመወዝተኛ፣ አለዚያም ከእርሱ የተከራየ ነው። ወር በመጣ ቁጥር የመብራቱና የመንገዱ ወጪ አይቀርለትም። እነዚህ ሁለቱ፣ በሌላ ስም ይጠሩ እንጂ፣ የአየር ንብረት ፖሊሲ ናቸው።

አስቀድመን ምጣዱን እንመልከት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲግል ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በዚያ ኃይል ሦስት መቶ ዘመናዊ አምፖል ይበራል። ደግነቱ የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ስለሆነ እንጀራው ያለ ጭስና ያለ እንጨት ይጋገራል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን ከጉባ እስከ አራብሳ ሽቦ መዘርጋት፣ ትራንስፎርመር መትከል አለ። ይህን ማን ይክፈል? መንግሥት ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የመብራቱ ዋጋ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ወስኗል። ዋጋው ርካሽ ከሆነ መሥመሩን የሚያድስ ገንዘብ አይገኝም። ከተወደደ ደግሞ የቤቷ እመቤት እንጀራውን ወደ ማገዶ፣ ወጡን ወደ ከሰል ትመልሳለች። ያን ዕለት ፖሊሲው በወረቀት ላይ ቢኖርም በወጥ ቤት ውስጥ ሞቷል። እንግዲህ ይህን የሚያሰላው ዝናብ የሚለካው ሰው ነውን?

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልዎት። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም እስከ ማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማይቱን ያቆያት የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ዛፍ ትከሉ ብለው በመምከር ብቻ አልቀሩም፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ አደረጉት። ባለ ርስቱም ሒሳቡን አይቶ ተከለ። ቆይቶ ደግሞ ዛፉ ውሃ ያደርቃል ተብሎ ብዙው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጣ፤ ትእዛዙ ግን እምብዛም አልተፈጸመም። እኔ መምህር ብሆን የመጀመሪያውን ትምህርት በዚህ እጀምር ነበር። የግብር ምሕረት ምን እንደሚሠራ፣ ትእዛዝ ብቻውን ምን እንደማይሠራ በአንድ ዛፍ ይታያልና።

አሁን ወደ መንገዱ ወጪ እንሻገር። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ለሁሉም መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። እንበልና አንድ የአራብሳ ወጣት የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ገዝቶ ከሠፈሩ እስከ መገናኛ ሊሠራበት ብድር ጠየቀ። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት የባንክ ሠራተኛ እርስዎ ነዎት። ባትሪው በስንት ዓመት ይደክማል? ያን ጊዜ መኪናው በመያዣነት ስንት ያወጣል? መብራት በጠፋ ቀን የዕለቱ ገቢ ምን ይሆናል? ይህን ካላወቁ ጥያቄውን አይቀበሉም፤ የባንኩ ገንዘብ የአስቀማጮች ነውና አይፈረድብዎትም። ይሁን እንጂ ሚኒስትሮች የወሰኑት ነገር በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ወጣቱም ያረጀ የነዳጅ ሚኒባስ ፍለጋ ይሄዳል።

ከተማሪዎች ዘንድ አንድ ክርክር አይጠፋም፤ «ሰማዩን ያቆሸሹት ሌሎች፣ ከፋዮቹ እኛ!» ይላሉ። እውነት አላቸው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ስሌት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የአገራችን በካይ ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። በቀድሞው መንገድ ብንቀጥል በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ዕቅዱ በዚያው በ150 እንዲቆይ ነው። ከዓለሙ ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ጥቂት ነው፤ ያውም ከመቶው ከ40 እጅ የሚበልጠው ከከብት የሚመጣ ነው። (ላሚቱ እንኳ ከሒሳብ መዝገብ አላመለጠችም!)

ነገር ግን ገበያው የእኛን ንጽሕና አይጠይቅም። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት የተለቀመ ቡና በኅብረቱ አገሮች አይሸጥም፤ የማሳው ሥፍራም በካርታ መታወቅ አለበት። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ መራዘም ግን መሻር አይደለም። ግማሽ ሄክታር የሌለውን የሲዳማ ገበሬ ማሳ የመለካቱን ወጪ ማን ይሸከም? ገበሬው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ላኪው ወይስ ገዢው? ላኪ ድርጅት ውስጥ የሚቀጠረው ተማሪ መልሱን ይዞ ካልገባ ወጪው ሲንከባለል ገበሬው ላይ ያርፋል።

እኔ እንደማየው ይህ ርእስ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» ከሚባለው ምዕራፍ ሥር ተወሽቆ በትምህርቱ ዘመን መጨረሻ ሳምንት ይደረስበታል፤ ተማሪውም ለፈተና አይመጣም ብሎ ያልፈዋል። ቦታው በዋጋ ስሌት፣ በብድርና በግብር ትምህርት ውስጥ ነበር። 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በ2020 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንዲደረግ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በቤሌም፣ ብራዚል ተወስኗል። እንግዶቹ በቦሌ ሲገቡ ከአራብሳ ብዙም አይርቁም።

እስከዚያው ግን አንድ የቤት ሥራ ልስጥዎ። በሕንፃዎ ካሉት አሥር ጎረቤቶች ይጠይቁ። በመጀመሪያው ዐምድ በየወሩ ለመብራት የከፈሉትን፣ በሁለተኛው የገዙትን ከሰል በማዳበሪያ ቆጥረው ይጻፉ። የመብራቱ ዋጋ ስንት ሲደርስ ነው ከሰሉ መብዛት የሚጀምረው? ሠርተው ሲጨርሱ በሚነበብ ጽሕፈት ለዝግጅት ክፍሉ ይላኩልኝ፤ የተሻለውን ከነሰንጠረዡ በዚሁ ገጽ አወጣዋለሁ።