«ተማር ልጄ»ን ተዉልኝ!

ሰሞኑን የአለማየሁ እሸቴን «ተማር ልጄ» ከጀርባ እየለቀቁ የሚሠሩ መሳቂያ ቪዲዮዎች ስልኬን ሞልተውታል። ጋዎን የለበሰ ልጅ ይታያል፣ ቀጥሎ ያው ልጅ ጆንያ ተሸክሞ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከማሻ ወደ ጌጫ በሞተር ሲያመጣኝ ዘፈኑን እያፏጨ «ቲቸር፣ ተማርን እኮ! ምን አመጣን?» አለኝ። ሂሳብም አልቀበልም ብሎኝ ሄደ። ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ተናደድኩ። በልጁ አይደለም።

እስቲ ዘፈኑን እንደገና ስሙት። የ1960ዎቹ ሥራ ነው፤ አለማየሁም ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አርፏል። እዚያ ላይ የሚመክረው አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሀብት የለውም። ያለው ምክር ብቻ ነው። ለዚህ ነው የማያረጀው። እዚህ ጌጫ፣ ቡናው ገና አበባ ላይ እያለ ለነጋዴ ሸጦ የልጁን ቤት ኪራይ የሚከፍል አባት፣ አማርኛ ባያቀላጥፍም ይህ ዘፈን ሲመጣ ዝም ብሎ ያዳምጣል። የራሱ ድምፅ ነዋ!

ደሞዝና መኪና የጨመርንበት እኛ ነን፤ በተለይ እኛ መምህራን። «ካልተማርክ ገበሬ ሆነህ ትቀራለህ» እያልን ያስፈራራን፣ ትምህርትን የእርሻ ማምለጫ አድርገን የሸጥን። ሥራ ሲጠፋ ልጁ የተታለለ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። 12ኛ ክፍል ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! ይሄ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው? ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ እንዴት ይሰንፋል? «ተማር» ብለን ላክነው፤ አንድ መጽሐፍ ለስንት አካፈልነው። እኔም አለሁበት። ማንበብ የሚከብደውን ልጅ 9ኛ ክፍል ተቀብዬ፣ «ከታች ያበላሹት ነው» ብዬ አሳልፌዋለሁ። አንዴም አይደለም።

እና መሳቂያው አባትየው ነው? ያለውን ሁሉ የሰጠው ሰውዬ? መሳቅ ካማራችሁ በተቀበልነው ላይ ሳቁ፣ ከእኔ ጀምሩ።

«ተምሮ ሥራ ከመፍታት ወርቅ መቆፈር ይሻላል» የምትሉ ኮሜንት ላይ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ቆፍሩ፣ ሥራ ነው። ግን የቡና ሽያጭ ውሉን ቁጭ ብሎ አንብቦ፣ አባቱን ከማይሆን ፊርማ ያስጣለ ልጅ አውቃለሁ። 12ኛን አላለፈም። ቪዲዮ የሠራለትም የለም።

አንተ ባለሞተሩ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። በግል መፈተን ይቻላል። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት አለሁ፤ የሒሳብ ደብተርህን ይዘህ ና። የሞተሩንም ሂሳብ ያኔ ትቀበለኛለህ።