የተቆለፈ ፒያኖ አያስተምርም

በአዳራሻችን መድረክ ጥግ አንድ ፒያኖ ቆሟል። ጨርቅ ለብሶ፣ ክዳኑ ተቆልፎ ዓመቱን ሙሉ ይከርማል፤ የሚከፈተውም ለምረቃ በዓል ብቻ ነው። እኛ በመገናኛ አካባቢ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ግን የምንለማመደው በትንሽ ኪቦርድ ነው፤ ያውም አከራይ እንዳይቈጣ ድምፁን ዝቅ አድርገን። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ልምምዱም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የፒያኖው መክፈቻ ለተማሪ ይሰጥ።

«ኪቦርድ ካላችሁ ፒያኖ ምን ያደርግላችኋል?» የሚለን አይጠፋም። ልዩነቱ ያለው ጣት ላይ ነው። ከ88ቱ የፒያኖ ቁልፎች ከእያንዳንዱ በስተኋላ በሱፍ የተሸፈነ መዶሻ አለ፤ ጣት ለስለስ ሲል መዶሻው አውታሩን በቀስታ፣ ጠንከር ሲል በኃይል ይመታዋል። በዚህ ክብደት ያልሠለጠነ ጣት የባክን ፉጋ በቃል ቢያውቀው እንኳ አንዱን ዜማ ከሌላው አጉልቶ ማሰማት አይሆንለትም። ርካሹ ኪቦርድ ደግሞ ይህ ክብደት የለውም።

ሌሎች ደግሞ «ፒያኖ የፈረንጅ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይላሉ። እንዲህ የሚል ሰው ወደ ፒያኖው ይቅረብና ሦስት ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁር ቁልፎች ከመጀመሪያው ተነሥቶ አምስቱን ጥቁሮች በተራ ይምታቸው። የሚሰማው ትዝታ ነው። እርግጥ ነው፣ ማሲንቆ በሁለት ድምፆች መካከል የሚያንሸራትተውን ፒያኖ ሊያወጣው አይችልም። ነገር ግን ይህ ጉድለት የአገራችንን ባለሙያዎች አላገዳቸውም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐረፉ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ጀመሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ካይሮ ላይ አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከሚባሉ የፖላንድ ተወላጅ ሲማሩ በቀን 5 ሰዓት ፒያኖ፣ 4 ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ ነበር። ኋላ በአምባሰል ምድር፣ በግሸን ማርያም መነኰሱ። ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑም የቆሎ ተማሪዎች በየደጁ ሲያድሩ አይተው በሙዚቃቸው ችግረኛን ሊረዱ ቈረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ሸክላ ያስቀረጹትም በዚሁ ሐሳብ ነው።

አቶ ግርማ ይፍራሸዋም ክራር ሲጫወቱ አድገው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተማሩ፤ ከዚያም በቡልጋሪያ፣ በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት አልበም ውስጥ «አምባሰል» የተባለ የፒያኖ ድርሰታቸው ይገኛል። እንግዲህ የፈረንጁን ዕቃ የእኛ ያደረጉት ሰዎች በቅድሚያ ያገኙት ነገር መሣሪያና ጊዜ ነበር። የዜማ ተማሪ ድጓ ሲቀጽል ዓመታት ያሳልፋል፤ ለዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ባዳ አይደለንም። ያጣነው መሣሪያውን ነው።

«ይሰበራል» የሚለውን ሥጋት አንንቀውም፤ ዕቃው ውድ ነው። ነገር ግን ሳይነካ የሚቀመጥ ፒያኖም ይበላሻል። የክረምት እርጥበት ቁልፎቹን ያጣብቃል፣ የበጋ ድርቀት እንጨቱን ያኰማትራል፣ ብል የመዶሻውን ሱፍ ይበላል፤ ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው የለም። በየቀኑ የሚነካ ፒያኖ ግን ሕመሙ ቶሎ ይታወቅለታል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ አዳራሹ ከቀኑ 11 እስከ ማታ 2 ሰዓት በመዝገብ እየተፈረመ ለልምምድ ይከፈት፤ የተለማመደውም ተማሪ ኃላፊነቱን ይውሰድ። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ ከአባላት መዋጮ ቀንሶ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት እንደ ወጣና በበጋው አጋማሽ፣ ፒያኖውን በባለሙያ ያስቃኝ። ሦስተኛ፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የተለማመዱት በዚያው መድረክ ይጫወቱ፤ እያንዳንዱም አንድ የውጭ አገር፣ አንድ የአገር ቤት ሥራ ያቅርብ።

ለጀማሪ የሚሆን የኖታ መጽሐፍ ያላችሁ መምህራን ለወንድሞቻችሁና ለእኅቶቻችሁ አውሱ። ለመለማመድ የምትሹ ተማሪዎችም ስማችሁን በዚህ ሳምንት ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ ስንት እንደ ሆንን ሲታወቅ ጥያቄያችን ክብደት ይኖረዋልና።