ሬድዮው ድንበር ይሻገራል፤ ፈቃዱ ግን አይሻገርም

በሞያሌ መስመር የምንነግድ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቃለን፤ ኔትወርክ የሚጠፋው በጣም ሲያስፈልገን ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ አስፋልት ቢሆንም ስልክ ዝም የሚልባቸው ቦታዎች አሉት። የኋለኛው መኪና ጎማ ፈንድቶ ሲቆም፣ የፊተኛው ሹፌር ሳያውቅ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዎኪ ቶኪ መግዛት ጀምረናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አገዛዛችንና አያያዛችን ግን መታረም አለበት።

መሣሪያው ቀላል ነው። ሲምም የአየር ሰዓትም አይፈልግም፤ ድምፃችንን በሬድዮ ሞገድ በቀጥታ ወደ ሌላው መሣሪያ ይልካል። ቁልፉን ተጭነን እንናገራለን፣ ለቀን እንሰማለን። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተናገረ አይደማመጥም፤ ስለዚህ ንግግርን አጭር ማድረግና በየተራ መናገር ግድ ነው። በእጅ የሚያዘው የተለመደው 5 ዋት ገደማ ጉልበት አለው። ሜዳ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይደርሳል፤ ሕንፃ ወይም ኮረብታ ሲጋርደው ግን ቶሎ ይዳከማል። «30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚል ካርቶን አይታችሁ አትታለሉ። ተከታትለው ለሚሄዱ መኪኖች፣ በመጋዘን ለሚሠሩ ጫኝና አውራጆች ይበቃል፤ ሞያሌ ሆኖ ከማርሳቢት ጋር ለመነጋገር ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር፣ ሬድዮ ምስጢር አይጠብቅም። ተራው ዓይነት በዚያው ቻናል ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ኮድ አስገብተናል ብለን የምንመካበትም ቢሆን እኛ የሌላውን ወሬ እንዳንሰማ ያደርገናል እንጂ ሌላው እኛን ከመስማት አይከለክለውም። ስለዚህ ገንዘቡ የት እንዳለ፣ ምን እንደጫንን፣ የት እንደምናድር በሬድዮ አይነገርም። «ቆሜያለሁ፣ ጠብቁኝ» ይበቃል።

ዋናው ጉዳይ ፈቃድ ነው። በኢትዮጵያ ሞገድ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በኬንያም የራሷ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አላት። የአንዱ ወረቀት በሌላው አገር አይሠራም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «እዚህ ያለ ፈቃድ ይሸጣል» ብለው ይልኩልናል፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን ያ የአሜሪካ ሕግ ነው። ርካሾቹ መሣሪያዎች ደግሞ ሰፊ ሞገድ ስለሚከፍቱ፣ ሳናውቅ የአምቡላንስ ወይም የፖሊስ መስመር ውስጥ ልንገባ እንችላለን።

ከመካከላችን አንዱ ስድስት ሬድዮ ከልብስ ጋር ጠቅልሎ ሲመጣ ኬላ ላይ ተያዘ። ሬድዮው ቀርቶ፣ ልብሱ እስኪለቀቅ አራት ቀን ቆመ፤ የገበያ ቀንም አለፈ። ሬድዮው የተገዛው ጊዜ ለመቆጠብ ነበር። በድንበር አካባቢ የመገናኛ ሬድዮ የያዘ ሰው እንደ ነጋዴ ብቻ እንደማይታይም እናስታውስ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለየብቻ ከመደበቅ በማኅበር ሆነን እንጠይቅ። በየአገሩ አንድ ማመልከቻ፣ የመሣሪያዎቹ ዝርዝርና ተጠያቂ ሰው ይኑረን። ፈቃድ ሰጪዎችም ትንሽ ነጋዴ የሚችለውን ክፍያና አጭር አሠራር ያብጁ፤ መንገዱ ሲጠብ ሰው ወደ ጓሮ በር ይሄዳልና። እስከዚያው በተያዘለት ሰዓት እየቆሙ መጠባበቅ፣ የሁለቱንም አገር ሲም መያዝ ይሻላል። ሬድዮ ለመኪናችን ደኅንነት ነው የምንፈልገው፤ ለዚህ ደግሞ የምንደብቀው ነገር የለንም።