የምንከፍልበትን ነገር ስሙን እንወቅ

በዛሬው ጊዜ ኢንተርኔት በመሥሪያ ቤት ብቻ የሚገኝ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ወደ መኖሪያ ቤት ገብቷል። በአገራችንም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ከጀመረ ወዲህ፣ ለብዙ ዘመን ብቻውን ከቆየው ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ አቅራቢ ተገኝቷል። ምርጫ ባለበት ማወዳደር ይከተላል፤ ለማወዳደርም በውሉ ላይ የተጻፉትን ቃላት ማወቅ ግድ ነው። ቃሉን ያላወቀ ሰው ያልተሸጠለትን ይጠይቃል፤ የተሸጠለትንም ሳይጠይቅ ይቀራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አለመሆናቸውን መረዳት ያስፈልጋል። ብሮድባንድ የሚባለው ከአቅራቢው ተነሥቶ እስከ ቤታችን የሚደርሰው ፈጣን መስመር ነው። ይህም በመዳብ ሽቦ፣ ፋይበር በሚባለው እንደ ጠጉር በቀጠነ የመስተዋት ክር፣ ወይም በሞባይል ሞገድ ሊመጣ ይችላል። ዋይፋይ ግን ራውተር ከተባለው ሣጥን እስከ ስልካችን ድረስ የሚሄደው የሬድዮ ሞገድ ነው። ስሙም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ለገበያ ተብሎ የወጣ ነው እንጂ የሌላ ቃል ምኅጻር አይደለም። ነገሩ በውሃ ይመሰላል፤ ከመንገድ እስከ ቆጣሪው ያለው ቧንቧ ብሮድባንዱ፣ ከቆጣሪው እስከ ጓዳ ያለው ዋይፋዩ ነው። ከመንገድ ውሃው ከቆመ የጓዳው ቧንቧ ደኅና መሆኑ አይጠቅምም፤ የዋይፋይ ምልክት ሞልቶ ሳለ ኢንተርኔት የሚጠፋውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው የፍጥነት መለኪያ ነው። አቅራቢዎች የሚሸጡት በሜጋቢት ሲሆን፣ የምናወርደው ፋይል ብዙ ጊዜ የሚለካው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። እንግዲህ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የገዛ ሰው 100 ሜጋባይት በ10 ሰከንድ ይወርድልኛል ቢል ይሳሳታል፤ መስመሩ ፍጹም ቢሆን እንኳ 80 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ በቁና የተገዛን እህል በዳውላ እንደ መስፈር ነው። እንዲሁም «እስከ» የምትለው ትንሽ ቃል በውሉ ላይ ካለች፣ የተጻፈው ቍጥር ጣሪያው እንጂ ዘወትር የሚገኘው አይደለም።

ሦስተኛው፣ በራውተሩ ላይ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ተብለው የሚታዩት የሞገድ ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ግድግዳንም ይሻገራል፤ ነገር ግን ዝግ ይላል፣ በጎረቤት ዋይፋይም ይጨናነቃል። ሁለተኛው ፈጣን ሲሆን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ስለዚህ ራውተሩን በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ አቅራቢውን መውቀስ ፍርድ አይሆንም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ እንዴት ይታወቃል? መንገዱ ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝቶ፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች አጥፍቶ ፍጥነቱን መለካት ነው። በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ከዘገየ እንከኑ ከቤት ውስጥ ነው። በኬብልም ከዘገየ ግን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየለኩ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ፣ ጽሑፉንም ይዞ ለአቅራቢው ማመልከት ይገባል።

«ኢንተርኔት እምቢ አለ» የሚል አቤቱታ በቀላሉ ይመለሳል። በቍጥርና በሰዓት የተጻፈውን ግን መመለስ ያስቸግራል። ከደመወዙ ቀንሶ የሚከፍል ወጣት ሠራተኛና ከቤተሰቡ ኪስ የሚማር ተማሪ፣ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የማወቅ መብት እንዳለው ሁሉ የመማርም ግዴታ አለበት።