ከመቄት ተራራ እስከ ውቅያኖስ፦ ስለ ፍርሃትና ስለ ታንኳ

«አትፍሩ!» የሚለው ምክር በትምህርት ቤት አዳራሾች፣ በምርቃት ንግግሮችና በየመጻሕፍት መደብሩ በተደረደሩት የስኬት መጻሕፍት ውስጥ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቷል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ምክሩን ለመቃወም ተነሥተናል። ሳይንስ የሚማር ወጣት ፍርሃቱን እንዲጥል ሳይሆን እንዲመረምረው ሊመከር ይገባል ብለን እናምናለን። ምክንያታችንን ለማስረዳትም ከተራራ ተነሥተን እስከ ውቅያኖስ ልንወርድ ነውና ውድ አንባብያን በትዕግሥት እንዲከተሉን እንጠይቃለን።

ፍላቂት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። ከወልድያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወረታ የሚደርሰው መንገድ ያልፍባታል። በዚያ ተወልዶ ያደገ ተማሪ «ባሕር» የሚለውን ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው «ባሕር ማዶ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ሲሆን፣ ይህም ውሃን ሳይሆን ሩቅ አገርን የሚያመለክት ነው። ሆኖም የደጋ ሰው ውሃን አያውቅም ማለት ስሕተት ነው። ከላስታና ከመቄት ተራሮች የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ወደ ተከዜ፣ ከተከዜ ወደ አትባራ፣ ከአትባራ ወደ ናይል፣ በመጨረሻም ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። የጉዞውን መጀመሪያ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው። መንገደኛ በሐምሌ ወንዝ ሞልቶ ሲያገኘው ውሃው እስኪጎድል ድረስ ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀውም ስለሚፈራ ነው።

ይህ ፍርሃት በቁጥር ሊገለጥ ይችላል። ወራጅ ውሃ በአንድ አካል ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሁለት እግሮች ለውሃው የሚያጋልጡት ስፋት ወደ 0.1 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በ50 ኒውተን ገደማ ይገፋዋል፤ ይህም 5 ኪሎ ግራም እንደመሸከም ያህል ነው። ፍጥነቱ 2 ሜትር ሲሆን ግፊቱ 200 ኒውተን፣ 3 ሜትር ሲሆን 450 ኒውተን ይደርሳል። ፍጥነቱ በሦስት እጥፍ ሲጨምር ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ውሃው ከዳር ሲታይ ግን ዘጠኝ እጥፍ የከፋ አይመስልም። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚለው አነጋገር ከዓይን የተሰወረውን ይህን ካሬ ሳይሆን አይቀርም የሚናገረው። እንግዲህ ወንዝ ዳር የሚጠብቀውን ሰው «አትፍራ» ብሎ የሚገፋፋው ማን ነው? ወዳጁ አይደለም።

ይኸው የደጋ ልጅ ውቅያኖስን ቢያስብ የሚፈራው ምንድን ነው? ተማሪዎቻችንን በየዓመቱ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ «ጥልቀቱን» የሚል ነው። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን የውቅያኖሶች አማካይ ጥልቀት ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ በእርግጥ ያስደነግጣል። ነገር ግን በአርኪሜድስ ሕግ መሠረት ታንኳን የሚያንሳፍፈው ኃይል ታንኳው ገፍቶ ካስወጣው ውሃ ክብደት ጋር እኩል በመሆኑ፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ከቁም ነገር አይገባም። እንዲያውም ጨዋማው የባሕር ውሃ በ1 ኪዩብ ሜትር 1,025 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ከሐይቅ ውሃ ይልቅ በየኪዩብ ሜትሩ 25 ኪሎ ግራም ጨምሮ ይሸከማል። ሞገዱንም ቢሆን በዋናነት የሚያሳድገው የነፋሱ ፍጥነትና ቆይታ፣ እንዲሁም ነፋሱ ሳይቋረጥ የሚነፍስበት ርቀት ነው። ስለዚህ የወንዙ ፍርሃት ትክክል ሲሆን የጥልቀቱ ፍርሃት ግን ቦታውን ስቷል። በውቅያኖስ ላይ መፈራት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱንም ከጣና የተቆረጠ ደንገል ያስተምረናል።

ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ታንኳ አትላንቲክን ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት በተነሣ ጊዜ፣ በግብፅ ደንገሉ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ስለነበር ወደ ጣና መጣ። ከዚያ የተቆረጠው 12 ቶን ያህል ደንገል ደርቆ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ተጓዘ። በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች 15 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ታንኳ አድርገው ሠሩት። ታንኳዋም በግብፃውያን የፀሐይ አምላክ ስም «ራ» ተባለች። ከሰባት አገሮች የተውጣጡ ሰባት ሰዎችን ይዛ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሣች።

ሊቃውንቱ አስቀድመው የሰጡት ማስጠንቀቂያ ደንገል በባሕር ውሃ ላይ ከሁለት ሳምንት የበለጠ አይንሳፈፍም የሚል ነበር። ማስጠንቀቂያው መሠረተ ቢስ አልነበረም። የጣና ታንኳ ሠሪዎችም ታንኳቸውን ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ሆኖ በአየር የተሞላ ነው፤ ልጡ ውሃን በደንብ ሲከላከል የተቆረጠው ጫፍ ግን ያስገባል። ነገር ግን ለብቻዋ ውሃ ላይ የተጣለች አገዳና በብዙ ገመድ ጥብቅ ተደርጋ ከሺህ ጓደኞቿ ጋር የታሰረች አገዳ አንድ አይደሉም። የታሰረው ደንገል በራሰ ቁጥር ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥር እርስ በርሱ ይጨናነቃል፣ የውሃውም መግቢያ ይጠባል። ሁለቱ ሳምንታት አለፉ፤ ራም አልሰጠመችም።

ጉዳት ያገኛት ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም የመሪ መቅዘፊያዎች ተሰበሩ። ይህ በእንጨትና በገመድ ይጠገናል። ትልቁ ጥፋት ግን ከጉዞው በፊት የተፈጸመ ነበር። በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ የታንኳው የኋላ ጫፍ እንደ ጅራት ወደ ላይ ተቆልምሞ ይታያል፤ ከጫፉም እስከ ወለሉ የተወጠረ ገመድ አለ። የራ ሠሪዎች ገመዱ ያለው ጫፉ እንደተቆለመመ እንዲቆይ ብቻ ነው ብለው አሰቡ። በቻድ ሐይቅ ታንኳ ላይ እንዲህ ያለ ጅራት ስለሌለ ሊፈረድባቸው አይገባም። ገመድ ሳይኖርም ጫፉ ቅርጹን ይዞ ስለቆመ ገመዱ አላስፈላጊ መሰለ፤ ስለዚህ ተወገደ።

የገመዱ ሥራ ግን ሌላ ነበር። የመሰንቆን መምቻ እናስብ፤ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ደጋኑን ባይዘው ኖሮ እንጨቱ ወጥረቱን አጥቶ ይላላ ነበር። በታንኳ ላይም ሞገድ ከወገቡ ሥር ሲገባ ሁለቱ ጫፎች ያዘቀዝቃሉ፣ ሞገዱ ሲያልፍ ደግሞ ወገቡ ይጎብጣል። ገመዱ በእያንዳንዱ ሞገድ የኋላውን ክፍል ስቦ ወደ ቦታው የሚመልስ ነበር። በየ8 ሴኮንዱ አንድ ሞገድ ያልፋል ብንል፣ ታንኳው በቀን 10,800 ጊዜ ይታጠፋል፤ በስምንት ሳምንት ውስጥም ከ600,000 ጊዜ በላይ። አንዱ መታጠፍ ምንም አያደርግም፤ የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። የራ የኋላ ክፍል ቀስ በቀስ ዘቀዘቀ፣ ውሃ በላዩ ይፈስ ጀመር፤ ማሰሪያዎቹም እየተበጠሱ ሄዱ። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ተሳፋሪዎቹ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ታንኳዋን ትተው ወጡ። አንድም ሰው አልሞተም።

በሚቀጥለው ዓመት ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል፣ አሁን ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ቦሊቪያውያን እጅ፣ «ራ ሁለት» ተሠራች። ርዝመቷ ወደ 12 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ እስሯ ጠብቆ፣ ገመዷም ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥታ በ57ኛው ቀን ሐምሌ 5 ባርቤዶስ ደረሰች። (ዕለቱ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት መሆኑን ልብ ይሏል።) ይህች ታንኳ ዛሬ በኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች። ጉዞው ያረጋገጠው የደንገል ታንኳ ውቅያኖስ ሊያቋርጥ እንደሚችል እንጂ ግብፃውያን በእርግጥ አሜሪካ እንደደረሱ አይደለም፤ አርኪዮሎጂስቶችም ሁለተኛውን አልተቀበሉም። ሌላም ልንሸሽገው የማንፈልግ ቅሬታ አለን። በሁለቱም ጉዞዎች ከተሳፈሩት መካከል አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ደንገላችን አትላንቲክን ሲያቋርጥ እኛ በዳር ቀረን።

ከዚያ ወዲህ ግን ብዙዎቻችን ወደ ባሕር ወርደናል፤ የወረድነው ግን በሌላ ታንኳ ነው። ከሰሜን ወሎ የሚነሡ ወጣቶች በአፋር አልፈው፣ ከጅቡቲዋ የኦቦክ ዳርቻ ወደ የመን የሚሻገሩባቸውን ጀልባዎች ማለታችን ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ150 የሚበልጡ ሰዎችን የጫነ ጀልባ በየመን አብየን አቅራቢያ ተገልብጦ ከ60 በላይ ሞተዋል፤ ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚህ መንገድ ላይ «አትፍሩ» የሚለውን ምክር በነፃ የሚያድለው ደላላው ነው። ሥራ ማጣትና ድህነት በቀመር እንደማይፈቱ እናውቃለን፤ የሚሄደውንም ወጣት የምንወቅስበት አፍ የለንም። ነገር ግን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው የሚችለውን ስሌት ሳናስተምረው ከቀረን ዕዳው የእኛ የመምህራን ነው።

ስሌቱም የሚከተለው ነው። 10 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ወርድ ያለው ጀልባ በውሃው ገጽ ላይ የሚይዘው ስፋት ቢበዛ 20 ካሬ ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 100 ሰዎች ሲሳፈሩበት በ29 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰጥማል። ባዶውን ሳለ ጠርዙ ከውሃው በላይ 40 ሴንቲ ሜትር ከነበረ አሁን የቀረው 11 ነው፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ። ይህን ቁመት የማይዘልቅ ሞገድ ቀይ ባሕር ላይ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መገልበጥን የሚከላከለው ደግሞ በተለይ የጀልባው ወርድ ሲሆን፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ ወርዱ በግማሽ ቢቀንስ ውሃው ጀልባውን የሚያቃናበት አቅም ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ሰዎች ደንግጠው ሲነሡ የክብደት ማዕከላቸው ከፍ ይላል፤ ወደ አንድ ወገን ሲሮጡ ደግሞ ጀልባው ይዘነብላል። ከመሳፈሩ በፊት ጠርዙን በስንዝር የለካ ወጣት ፍርሃቱ ምን እንደሚለው በግልጽ ይሰማል።

ባሕርን ሥራው አድርጎ ሊይዝ የሚፈልግ ወጣትም ቢሆን ሌላ መንገድ አለው። በቢሾፍቱ ባቦጋያ በሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ወደብ በሌላት አገራችን የመርከብ መሐንዲሶች ይወጣሉ። ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ሥልጠና ደንብ ማንም መርከበኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ ውሃ እንዲገባ፣ የተገለበጠ የነፍስ አድን ጀልባ ገልብጦ እንዲያቃና፣ እሳት እንዲያጠፋ ያስገድዳል። መርከበኛው አደጋውን በገንዳ ውስጥ አስቀድሞ ይኖረዋል ማለት ነው። በዚህ ሥልጠና ውስጥ «አትፍራ» የሚል ትምህርት የለም።

በመጨረሻ ለአንባብያን አንድ ሥራ እንተዋለን። ደንገል በማይገኝበት በፍላቂትም ሆነ በሌላ ስፍራ ቄጠማ ወይም የስንዴ አገዳ አይጠፋም። በክብደት እኩል የሆኑ ሁለት እስሮችን ያዘጋጁ፤ አንዱን ላላ አድርገው፣ ሌላውን በየሁለት ጣት ርቀት በሲባጎ አጥብቀው ይሰሩ። ሁለቱንም ጨው በተበጠበጠበት ገንዳ ውስጥ ጥለው ለሦስት ሳምንታት በየቀኑ እያወጡ፣ ለአንድ ደቂቃ አንጠፍጥፈው ይመዝኑ። ክብደቱን በየቀኑ በግራፍ ላይ ይሣሉና ውጤቱን ከትምህርት ቤታችሁ ስም ጋር ለዝግጅት ክፍላችን ይላኩልን፤ የደረሱንን ግራፎች ጎን ለጎን አድርገን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።